ከሀዋሳ ዋሽንግተን፦ በየት በኩል ብትሄዱ ይሻላል? ኪሎሜትሩ፣ ሰዓቱና ትራንዚቱ ሲነጻጸር

ሀዋሳ ውስጥ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ እና ወይ ራሱ የሚሄድ ወይ እናቱን የሚልክ ሰው ሁሌ የሚጠይቀው "እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብሎ ነው። መልሱ ደግሞ እንደ መላሹ ነው። አንዱ 13 ሰዓት ይላችኋል፣ ሌላው 17 ይላል፣ ሌላው ደግሞ አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ ይላል፣ እና የሚገርመው ሁሉም እውነታቸውን ነው፣ ምክንያቱም አንዱ የሚያወራው ስለ መመለሻው ነው፣ አንዱ ስለ መሄጃው፣ ሶስተኛው ደግሞ ዱባይ ላይ ትራንዚት ሲጠብቅ ያደረበትን ጨምሮ ነው። ቲኬት ቆራጭ ቢሮ ስትሄዱም አምስት አይነት መንገድ ደርድረው ያሳዩዋችኋል፣ ዋጋው ይለያያል፣ ሰዓቱ ይለያያል፣ ግራ ይገባችኋል፣ በመጨረሻ "ያ ርካሹን ቁረጡልኝ" ብላችሁ ትወጣላችሁ። ይሄ ጽሁፍ እዛ ደረጃ ከመድረሳችሁ በፊት እንዲነበብ ነው።

መጀመሪያ በምን እንመዝን

ዋጋው ላይ አይናችሁን ከመትከላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ከሀዋሳ ቤታችሁ ወጥታችሁ ዋሽንግተን የሚቀበላችሁ ሰው እስኪያቅፋችሁ ጠቅላላ ስንት ሰዓት ነው? የበረራው ሰዓት ብቻ አይደለም። በመሃል ስንት ጊዜ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ሌላ በር ፈልጋችሁ ትሳፈራላችሁ? የምትቆሙበት አገር ትራንዚት ቪዛ ይጠይቃል ወይ? ሻንጣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ፍሬ? ቲኬቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ነው ወይስ ሁለት ቦታ የተቆረጠ? ዋጋ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም ርካሽ የመሰለው ቲኬት የሻንጣ ሲከፈልበት፣ የሆቴል ሲጨመርበት፣ አንዳንዴም ቀጣዩ በረራ አምልጦ አዲስ ሲቆረጥ ከውዱ በላይ ይሆናል።

ከነዚህ ሁሉ እኔ በጣም የማከብደው የቲኬቱን አንድ መሆን ነው፣ ወደ ታች ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ርቀቱ ስንት ነው

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት በቀጥታ መስመር ወደ 11,560 ኪሎሜትር ነው። ከሀዋሳ ኤርፖርት ቦሌ ደግሞ በአየር 210 ኪሎሜትር አካባቢ፣ በመኪና ወደ 275። (ዳለስ የምለው ዋሽንግተን አጠገብ ያለውን ነው፣ ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር እንዳታምታቱት፣ ቲኬቱ ላይ የዋሽንግተኑ ኮድ አይ ኤ ዲ ነው።)

ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ካርታ አይቶ አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ አፍሪካን አቋርጦ አትላንቲክን የሚሻገር ይመስለዋል። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች ግን አጭሩ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የሚሄደው፣ ሱዳንን አልፎ፣ ሰሃራን ሰንጥቆ፣ በሜዲትራኒያን ምዕራባዊ ጫፍ በኩል ነው አትላንቲክ ላይ የሚወጣው። ይሄን ማወቅ ለምርጫችሁ በጣም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም አውሮፓ ላይ መቆም መንገድ ያስረዝማል ብላችሁ የምትፈሩት ነገር ብዙም የለም፣ ፍራንክፈርት ላይ ብትቆሙ ጠቅላላው ወደ 11,900 ነው፣ ከቀጥታው የሚበልጠው 340 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኢስታንቡል ወደ 12,100 ይሆናል። ዶሃ ግን 13,400፣ ዱባይ ደግሞ ወደ 13,900 ይደርሳል።

ዱባይን ትንሽ ልብ ብላችሁ እዩት። ከዱባይ ዋሽንግተን ብቻውን 11,350 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ካለው ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ማለትም አራት ሰዓት ያህል በራችሁ ዱባይ ስትደርሱ ወደ ዋሽንግተን ገና አልቀረባችሁም፣ ሻሸመኔ ለመሄድ መጀመሪያ ዲላ ወርዶ እንደመመለስ ነው። ይሄ ማለት ግን ዱባይ በጭራሽ አትሂዱ ማለት አይደለም፣ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

መሄጃው ለምን ከመመለሻው ይረዝማል

ያው መንገድ፣ ያው ኪሎሜትር፣ ግን ከዋሽንግተን ስትመጡ 13 ሰዓት አካባቢ፣ ስትሄዱ 16 ወይ 17 ሰዓት። ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ላይ ነው ያለው (ሀዋሳ ራሷ 1,700 አካባቢ ናት)። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ለ11,560 ኪሎሜትር የሚበቃ ነዳጅም ጭኖ ከቦሌ መነሳት ከባድ ነው። ያለው መፍትሄ ቀለል ብሎ መነሳትና በመሃል አንድ ቦታ አርፎ ነዳጅ መሙላት ነው። ዳለስ ግን ከባህር ወለል መቶ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ ስትመለሱ ታንከሩን ሞልቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል።

ሁለተኛው ንፋሱ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ፣ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ያግዛችኋል።

ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ ባለፉት አመታት ሲቀያየር ነው የቆየው፣ ሮምም ደብሊንም ሎሜም ሆኖ ያውቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ በሮም ከሆነ ጠቅላላው 11,700 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ በሎሜ ከሆነ ግን 12,750 ይደርሳል። ስለዚህ ስትቆርጡ "የት ነው የሚያርፈው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ቆራጩ ያውቀዋል። ነዳጅ ለመሙላት ብቻ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫችሁ አትወርዱም፣ አንድ ሰዓት ገደማ ተቀምጣችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ከአገሩ ኢሚግሬሽን ጋርም አትገናኙም።

እዚህ ላይ ለኛ ለሀዋሳዎች አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ ትልቅ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ለአውሮፕላን መነሳትም ይረዳል፣ ለኛም ገና አዲስ አበባ ሳንገባ መንገዳችን ላይ ነው የሚሆነው። እስከዛው ቦሌ ነው።

ከሀዋሳ ቦሌ፦ በአየር ወይስ በመኪና

ሰው ስለ ረጅሙ በረራ ሲጨነቅ ይችን የመጀመሪያዋን 275 ኪሎሜትር ይረሳታል፣ ነገሩ የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እዚችው ላይ ነው።

በመኪና በሻሸመኔ፣ አርሲ ነገሌ፣ ባቱ፣ መቂ አድርጋችሁ ሞጆ ትወጣላችሁ፣ ከባቱ በመቂ እስከ ሞጆ ያለው ኤክስፕረስ ዌይ ከተከፈተ ወዲህ ያ ክፍል ቀሏል፣ ከሞጆ በኋላም የአዳማው ኤክስፕረስ አለ። ቀና ከሆነ አራት ሰዓት አካባቢ ነው፣ ግን ሻሸመኔ ላይ መጨናነቅ አለ፣ አዲስ አበባ መግቢያ ላይ መጨናነቅ አለ፣ አንዳንዴ መንገድ ይዘጋል፣ ስድስት ሰዓትም ከዛ በላይም ሊፈጅ ይችላል። ማታ ለሚነሳ በረራ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሀዋሳ መውጣት አለባችሁ፣ ከዛ ዘግይቶ መውጣት አልመክርም። እንዲያውም በመኪና ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ገብታችሁ ዘመድ ጋር ብታድሩ በጣም ይሻላል፣ በተለይ ትልቅ ሰው ከሆነ የሚሄደው፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ የዋለ ወገብ ማታ ደግሞ 16 ሰዓት ሲቀመጥ አስቡት።

በአየር ከሆነ በረራው 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ቀድሞ መድረሱ፣ ቼክ ኢኑ፣ ቦሌ ላይ መጠበቁ ሲደመር በሰዓት ብዙ ላታተርፉ ትችላላችሁ፣ ግን ዋናው ጥቅም ሰዓቱ አይደለም። ጥቅሙ ከሀዋሳ እስከ ዋሽንግተን አንድ ቲኬት አድርጋችሁ ስትቆርጡ ነው። የሀዋሳው በረራ ቢዘገይና የዋሽንግተኑ ቢያመልጣችሁ ቲኬቱ አንድ ከሆነ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከቆረጣችሁት ግን የሀዋሳው መዘግየት ለዋሽንግተኑ ቲኬት ምኑም አይደለም፣ እናንተ ናችሁ የቀራችሁት። በመኪና ስትሄዱም እንደዛው ነው፣ ጎማ ፈነዳብኝ ብላችሁ ለማንም ብትናገሩ የሚመልስላችሁ የለም።

ሌላው ሻንጣ ነው። የአገር ውስጡ በረራ ብቻውን ሲቆረጥ የሚፈቀደው ኪሎ ከዓለም አቀፉ ያንሳል፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛችሁ ሀዋሳ ኤርፖርት ስትቀርቡ ትርፍ ኪሎ ክፈሉ ትባላላችሁ። አንድ ቲኬት ሲሆን የዋሽንግተኑ ልክ ከሀዋሳ ጀምሮ ይሰራል። ቼክ ኢን ላይ "ሻንጣው እስከ ዋሽንግተን ታግ ተደርጓል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚሰጧችሁን ወረቀት እዩት፣ ከሀዋሳ ቦሌ ብቻ ከሆነ ቦሌ ላይ እናንተው ወስዳችሁ እንደገና ማስገባት አለባችሁ፣ የአገር ውስጡና የዓለም አቀፉ ተርሚናል ደግሞ የተለያየ ነው።

መንገዶቹ አንድ በአንድ

*ቀጥታው፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ።* ከቦሌ አንዴ ትሳፈራላችሁ፣ ዳለስ ትወርዳላችሁ፣ አለቀ። ነዳጅ ማቆሚያውን ጨምሮ ከ16 እስከ 17 ሰዓት። ትራንዚት ቪዛ የለም፣ ሌላ በር ፍለጋ የለም፣ አማርኛ የሚናገር ሰው አለ፣ በኢኮኖሚ ወደ አሜሪካ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል። ከሀዋሳ ጀምሮ በአንድ ቲኬት ለመቆረጥ በጣም የሚቀለውም ይሄ ነው። ድክመቱ አንድ ወንበር ላይ በጣም ረጅም መቀመጥ መሆኑ ነው፣ እግሩ የሚያብጥበት ሰው በየሰዓቱ መነሳት አለበት፣ መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ይጠይቅ። ዋጋው በሐምሌና ነሐሴ፣ እንዲሁም ገናና ጥምቀት አካባቢ ይወደዳል።

*ፍራንክፈርት።* ከኪሎሜትር አንጻር ከትራንዚቶቹ ሁሉ አጭሩ ነው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ በራችሁ ትወርዳላችሁ፣ እግራችሁን ታፍታታላችሁ፣ ከዛ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። ከዋሽንግተን አልፎ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ ለሚሄድ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሉፍታንዛም፣ ዩናይትድም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም አንድ ህብረት ውስጥ ስለሆኑ ከፍራንክፈርት በቀጥታ ወደዛው ከተማ የሚወስድ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቪዛው ነው፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኤርፖርቱ ውስጥ ለማለፍም ቢሆን በመርህ ደረጃ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይ ግሪን ካርድ ያለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። መንገዱ በሁለት የሼንገን አገር (በመሃላቸው የድንበር ቁጥጥር የሌላቸው የአውሮፓ አገሮች ናቸው) የሚያልፍ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስትበሩ የሼንገን ድንበር ገባችሁ ማለት ነው፣ ያ ሙሉ ቪዛ ይጠይቃል። እንደዛ አይነት ቲኬት በርካሽ ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። ሻንጣውንም እዩ፣ አንዳንድ የአውሮፓ ርካሽ ታሪፍ የሚጫን ሻንጣ ጭራሽ የለውም።

*ኢስታንቡል።* አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ከዛ 11 ሰዓት አካባቢ። ኤርፖርቱ ውስጥ እስከቆያችሁ ቪዛ አይጠየቅም። ኪሎሜትሩም ብዙ አይበዛም፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከቀጥታው ዝቅ ይላል፣ ለወጣት ሰው ለኔ ጥሩ ሚዛን ያለው ይሄ ነው። ኤርፖርቱ ግን በጣም ሰፊ ነው፣ ከበር በር ረጅም የእግር መንገድ አለ፣ በሁለቱ በረራ መሃል ያለው ጊዜ ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ እኔ አልወስደውም።

*ዱባይና ዶሃ።* አየር ላይ ብቻ 18 ሰዓትና ከዛ በላይ ነው፣ ከዛ ላይ መጠበቂያው ይጨመራል። ሁለተኛው በረራ 14 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከቀጥታው የሚያስቀርላችሁ ድካም የለም። የሚያዋጣው ዋጋው በግልጽ ሲቀንስ ነው፣ ወይ ደግሞ ዱባይ እህት ወይ ወንድም ያለው ሰው ቪዛ አውጥቶ ሁለት ሶስት ቀን ጎብኝቶ ማለፍ ሲፈልግ፣ ያኔ ረጅሙ ትራንዚት ራሱ ጥቅም ይሆናል።

| መንገድ | ከቦሌ ጠቅላላ ኪ.ሜ. (በግምት) | የበረራ ሰዓት (በግምት) | ወርዶ መቀየር | ትራንዚት ቪዛ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀጥታ | 11,700–12,750 እንደ ማቆሚያው | 16–17 ማቆሚያውን ጨምሮ | የለም | አያስፈልግም | ለትልቅ ሰው፣ ለህጻን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጓዥ |
| ፍራንክፈርት | 11,900 | 16 + መጠበቂያ | 1 | የአሜሪካ ቪዛ ካለ ነጻ | ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ ለሚቀጥል |
| ኢስታንቡል | 12,100 | 16–17 + መጠበቂያ | 1 | ኤርፖርት ውስጥ አያስፈልግም | በጀት ለያዘ ወጣት |
| ዶሃ | 13,400 | 18 + መጠበቂያ | 1 | ኤርፖርት ውስጥ አያስፈልግም | ዋጋው በግልጽ ሲቀንስ |
| ዱባይ | 13,900 | 18–19 + መጠበቂያ | 1 | ኤርፖርት ውስጥ አያስፈልግም | ዱባይ ቆይቶ ለሚያልፍ |

ለማን የቱ

እናታችሁን ወይ አባታችሁን ብቻቸውን የምትልኩ ከሆነ ቀጥታውን ቁረጡ፣ ከሀዋሳ ጀምሮ በአንድ ቲኬት፣ ዊልቸርም አብራችሁ አስመዝግቡ። ዊልቸር መራመድ ለማይችል ብቻ አይደለም፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት ከሀዋሳ ቼክ ኢን እስከ ዳለስ ኢሚግሬሽን ድረስ የሚያደርሳቸው ሰው ያገኛሉ ማለት ነው፣ ክፍያም የለውም። ለዚህ ሲባል ትንሽ ብር ቢጨመር አይቆጭም። እማማ ኢስታንቡል ላይ በር ሲፈልጉ ማሰብ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል።

ተማሪ ከሆናችሁና ብሩ ከተቆጠረ፣ ኢስታንቡልን አስቀድማችሁ እዩ፣ ከዛ ዶሃን። ልዩነቱ የአንድ ሻንጣ ክፍያ ያህል ብቻ ከሆነ ግን ቀጥታው ይሻላችኋል።

ህጻናት ይዛችሁ ከሆነ ምርጫው እንደ ልጆቹ ነው፣ የሚተኙ ከሆነ ቀጥታው፣ 16 ሰዓት የማይቀመጡ ከሆነ ግን በመሃል ሶስት አራት ሰዓት ወርዶ ማፍታታት ያለበት የፍራንክፈርቱ ይቀላል።

መድረሻችሁ ቺካጎ፣ ኒውዋርክ ወይ አትላንታ ከሆነ መጀመሪያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዛው የሚሄድበትን ቀን ጠይቁ፣ ዋሽንግተን ወርዶ ሌላ በረራ መያዝ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ዋሽንግተን ላይ ቀይራችሁ ወደ ሌላ ከተማ የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ ሻንጣችሁ እስከ መጨረሻው ታግ ቢደረግም ዳለስ ላይ ራሳችሁ ወስዳችሁ ጉምሩክ አልፋችሁ እንደገና ማስገባት አለባችሁ፣ ለዚህ ቢያንስ ሶስት ሰዓት ይኑራችሁ። ቋንጣ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ እዛው ይቀራል፣ በርበሬና ሽሮ የያዘም ምግብ ይዣለሁ ብሎ ያስመዝግብ።

ቲኬቱን እንዴት እናንብብ

ሰዎች በረራ የሚያመልጣቸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ቀኑም እንደዛው። 22:30 ካለ ማታ 4:30 ነው። ከባዱ ከእኩለ ለሊት በኋላ ያለው ነው፦ "ረቡዕ 00:40" የሚል ቲኬት በኛ አባባል ማክሰኞ ለሊት 6:40 ነው፣ ስለዚህ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ማክሰኞ ማታ 3:40 ላይ ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ለቤተሰብ ስትነግሩ የፈረንጁን ሰዓት አትንገሩ፣ "ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ቦሌ" ብላችሁ በኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉላቸው።

ትክክለኛውን የጉዞ ርዝመት ለማስላት ደግሞ የሰዓት ልዩነቱን ጨምሩ። ዋሽንግተን በበጋቸው ከኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ የሚቀየረው በማርች ሁለተኛ እሁድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ነው (ሁለቱም በፈረንጅ)። ለምሳሌ ሐምሌ ላይ ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ዳለስ ይደርሳል ካለ፣ ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል፣ 7 ስትጨምሩበት 16 ሰዓት ተኩል ነው። ስትመለሱ ትቀንሳላችሁ፣ 11:00 ከዳለስ ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ከደረሰ 20 ሲቀነስ 7፣ 13 ሰዓት። የትራንዚት ቲኬትም በዚሁ አስሉት፣ መጠበቂያው አብሮ ይወጣላችኋል፣ 30 ሰዓት የሚል ነገር ካገኛችሁ ዋጋው ለምን እንደወረደ ገባችሁ ማለት ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የዓለም አቀፍ ቲኬት ታሪፍ መነሻው ዶላር ነው፣ ብሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ነው የሚወሰነው፣ ስለዚህ ባለፈው ወር የሰማችሁትን የብር ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ። ቀኑ ከታወቀ ሁለት ሶስት ወር ቀድማችሁ ቁረጡ። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታትና ከመስቀል እስከ ህዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ረገብ ይላል። ደርሶ መልስ ከሆነ የመመለሻ ቀን መቀየሪያው ስንት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትክፈሉ፣ አሜሪካ የሄደ ወላጅ ልጆቹ "ትንሽ ቆዩልን" ሲሉት ቀኑን መቀየሩ አይቀርም።